ደህና ነው የተባለ መንገድ

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤

አዎ፣ በእጄ ነው የጻፍሁት። ያለፈውንም በእጄ ነው የጻፍሁት፤ "ማን ጻፈልዎት" ብለሽ መጠየቅሽ አናዶኛል። ፊደሉ የተወላገደው እጄ ከማጭድ ጋር ስለኖረ ነው። አባትሽ በሕይወት ሳለ "ፊደል ለሴት ምን ሊሆናት" ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ያንቺን ደብዳቤ ለማስነበብ የሰው ደጅ ስጠና፣ እኔ ቤቴ ሳልደርስ ወሬሽ ገበያ ይደርስ ነበር። የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው። ጸጉሬ ሸብቶ ከሕፃናት ጋር ሀ ሁ ያልሁት፣ ጉዳዬን ሰው እንዳያነብልኝ ነው እንጂ ጋዜጣ አምሮኝ አይደለም።

ስለ ጤናዬ ጠይቀሻል። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ድንቹን ውርጭ መታው። የጎረቤት በግ ጎመኔን ጨረሰው፤ ባለቤቱ ደግሞ "በግ ምን ያውቃል" አለኝ። ስልክ ከጠፋ ሰነበተ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ አንዳንድ ቀን ብልጭ ትላለች ይላሉ፣ እዚህ ግን የለችም። ይህን የምታደርስልሽ ወለላ ናት። መንገድ ሲከፈት ቅቤዋን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ትወጣለች። "ደብዳቤው ቅቤ ይጠጣ ይሆናል እንጂ አይጠፋም፤ ከጠጣም ምሥራቅ ታቅልጠው" ብላኛለች።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ።

ወንድምሽ አንተነህ ባለፈው እሑድ መጥቶ ነበር፤ ከተለዋጭ ሹፌሩ ከፈቃዱ ጋር። ፈቃዱን ታውቂዋለሽ፣ የጎረቤታችን የሃኒ ባል ነው። የመድኃኒት መኪናውን እየተፈራረቁ ይነዳሉ፤ ከደብረ ማርቆስ መጋዘን ጭነው ወደ አምበር፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደኛም ያደርሳሉ። አንተነህ ድሮ ከመውጣቱ በፊት መናኸሪያ ይገባና ከዚያ መንገድ የመጣ ሰው ፊት ያይ ነበር። ይጠይቅ ነበር አላልሁሽም፤ ፊት ያይ ነበር። አሁን ያ ቀርቷል አለኝ። የት ቀድሞ እንደሚሄድ፣ በየት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድር በወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አለኝ።

"ማን ነው የሚያወጣው?" አልሁት።

"አዲስ አበባ ያለ ማሽን ነው፤ የምሥራቅ መሥሪያ ቤት የሠራው" አለና ሣቀ።

ፈቃዱም "እማማ፣ እናቱ ሂድ ስትለው እንቢ ያለ፣ እኅቱ በማሽን ስትልከው ይሄዳል" ብሎ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም።

እውነት ነው? ማን የት አድፍጦ እንደሚጠብቅ በማይታወቅበት በዚህ ዘመን፣ አንድ ቀን ጭቃችንን ያልረገጠ ማሽን ልጄን ሂድ ሲለው ይሄዳል? ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።

መልሺልኝ። በማላውቀው ቃል አትጻፊልኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የማነብ።

እናትሽ የብርጓል

&nbsp;

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ የብርጓል፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማን ጻፈልዎት ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ወለላ በቃል ያደረሰችልኝን የእርስዎን የትዳር ጥያቄ ግን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

አዎ፣ እውነት ነው። እንዳይፈሩ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት። ማሽን ይበሉት እንጂ ብረት አይደለም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፕሮግራም ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው። እስከ ዛሬ አንዱ ዓይነት ይማራል፣ ሌላው ዓይነት ያቅዳል፤ የኛ ምርምር ሁለቱን ማጋባት ነው።

የሚማረው ክፍል ካለፈው ነገር ይማራል። ኔትወርክ ባለ ጊዜ ሁሉ ከመጋዘኑ ወደየጤና ኬላው ይደወላል፤ የምትደውለውም የአክስቴ ልጅ ሂዊ ናት። "መንገዱ እንዴት ነው?" ትላቸዋለች፤ የመለሱላትን ትጽፋለች። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ አንብቦ የትኛው መንገድ እንደሚከፋ፣ የትኛው እንደሚሻል ይለያል።

የሚያቅደው ክፍል ደግሞ እርስዎ ለድግስ እንደሚያደርጉት ነው የሚያደርገው። እርስዎ ከድግሱ ቀን ተነሥተው ወደ ኋላ እያሰቡ ጌሾው መቼ እንደሚወቀጥ፣ ብቅሉ መቼ እንደሚበቅል ይወስኑ የለ? እሱም እንዲሁ ነው። ቶሎ የሚበላሸውን መድኃኒት ያስቀድማል፤ ነዳጁን ያመዛዝናል፤ የሚማረው ክፍል ከፍቷል ያለውን መንገድ ትቶ በደህናው ያዞራል።

ባለፈው ክረምት የስኳር መድኃኒት መንገድ ላይ እየተበላሸ ስንት ሰው እንደተጎዳ ያውቃሉ። ይህ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንድም አልተበላሸም፤ አንድም መኪና አልተነካም። ለአንተነህ ብለው አይስጉ። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለው የደብረ ኤልያስ መንገድ ነው፤ አብራኝ የተማረችው ስሜነሽ ጤና ኬላዋ እዚያ ነው። ከዚያ መንገድ አንድም ክፉ ቃል መጥቶ አያውቅም።

እህል ይብሉልኝ።

ልጅዎ ምሥራቅ

&nbsp;

ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሥራቅ፤

አዎ፣ ጥቁር ለብሻለሁ። ወለላ አይታኝ ነው የነገረችሽ፤ እሷ አፏ አያርፍም። ማን ሞተ ብለሽ ላክሽብኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ነገር ግን ካንቺ ጋር ሐዘን የሚቀመጥ ሽማግሌ እዚያ ከየት አመጣልሽ? ጎረቤትሽን ጥሪና አጠገብሽ አስቀምጪ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን አንብቢ።

የአክስትሽ ልጅ እንዳላማው ሞቷል። የሂዊ ወንድም። በደብረ ኤልያስ መንገድ፣ ከስሜነሽ ጤና ኬላ በታች ካለው ወንዝ ላይ፣ ከገበያ ሲመለስ ከነበቅሎው ተገደለ። ማን ገደለው አትበይኝ፤ ማንም አይናገርም፣ እኔም አልጽፍም። በዚያው ሰሞን እዚያው ወንዝ ላይ የቀሩ ሌሎችም አሉ ይባላል።

ነፍሱን ይማረውና አቀባበሩ አሳዘነኝ። እኅቱ ሳትደርስ ነው የተቀበረ። በማግስቱ ሂዊ ከማርቆስ ደውላ "ስሜነሽ፣ መንገዱ እንዴት ነው?" ስትላት፣ ስሜነሽ ምን ትበላት? በስልክ መርዶ ይነገራል? "ደህና ነው ሂዊዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው፣ እናንተስ እንደምን ናችሁ" አለቻት። እንባዋ እየወረደ ነው አሉ። መልካም አደረገች። ሽማግሌዎቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ዘግይተው ደረሱ፤ ግን እንደ ወጉ ማለዳ፣ ሂዊ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ሰው አስከትለው ነገሯት። አሁን ሐዘን ተቀምጣለች። በዚያ በኩል ያለ ሰው ሁሉ ለጠየቀው ሁሉ ደህና ነው ነው የሚል። ስልኩ ጫፍ ላይ የማን ወገን እንደተቀመጠ ማን ያውቃል?

ለቅሶ ቤት አንዷ "የብርጓል፣ ልጅሽ የመኪና ጠንቋይ ሆነች አሉ" አለችኝ።

ሌላዋ "ጠንቋይስ ጥቁር ዶሮ ይቀበላል፤ እሷ ምን ትቀበል ይሆን?" አለች።

ከንፈራቸውን በነጠላ ሸፍነው ሣቁ። ሙሾ አውራጇ ድምፅ ስታነሣ እኔም በዚያው አለቀስሁ፤ ለእንዳላማው ይሁን ላንቺ እንጃ።

አንተነህን "ያን መንገድ ተወው" አልሁት። "ዕቅድ ነው፤ አልሄድም ያለ ቁልፍ ያስረክባል" አለኝ። "የአክስትህ ልጅ የሞተበት ነው" አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ይህን ምሥራቅ የማታውቅ መስሎሽ ነው? አውቃ ነው የምትልከን። ማሽኑ እኛ የማናየውን ያያል።" ፈቃዱ ድንች የሞላ ጆንያ ተሸክሞልኝ ሲገባ ይህን ሰምቶ "እማማ፣ እሱ ከፈራ እኔ እሄድለታለሁ" አለ። ተሸክሞ እንኳ ይቀልዳል።

እኔ የማሽንሽን ነገር አላውቅም። ታውቃለች ካለ ታውቂያለሽ። ብቻ ልቤ አልረጋ ብሏል።

እናትሽ የብርጓል

&nbsp;

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እምዬ፤

አንተነህን ያዙልኝ። ከገብርኤል ማግስት በደብረ ኤልያስ መንገድ እንዲሄድ ዕቅዱ ላይ ተጽፏል። በምንም ብለው በምን ያስቀሩት።

አላውቅም ነበር። እንዳላማውን የሰማሁት ከእርስዎ ደብዳቤ ነው። ማሽኑም አያውቅም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ለቅሶዬን ሳልጨርስ ወደ ቢሮ ሄጄ የሂዊን መዝገብ ከፈትኩ። እንዳላማው በተቀበረ ማግስት የተጻፈው "ደህና" ነው። ከዚያ በፊትም በዚያ መንገድ በተከታታይ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው። የአምበርን አየሁ፤ "ጭቃ ነው፣ ድልድዩ ተሸራርፏል፣ መኪና ጎማው ይቀደዳል፣ ሰው አያግዝም።" እንዲህ እያለ ይራገማል። ማሽኑ ከአምበር ሸሽቶ መኪናውን ሁሉ ወደ ደብረ ኤልያስ አዞረው።

እምዬ፣ የሚያማርር ሰው ቤቱ ሰላም ነው። ሰው የሞተበት ነው ደህና ነው የሚል። ይህን እኔ እያወቅሁ ነው ያደግሁት፤ አባቴ ሲሞት ትምህርት ቤት መጥተው "አባትሽ ደህና ነው፣ ነይ" አላሉኝም? ገና "ደህና" ሲሉ ነበር መሞቱን ያወቅሁት። ይህን ሁሉ ረስቼ፣ "ደህና" የሚል ሲመጣ ደህና ነው ብሎ እንዲማር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። በትክክል ያስተማርነውን ተማረ፣ በትክክል አቀደ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

አለቃዬ እንዲቆም ተስማምቷል። ነገር ግን ስልኩም ኔትወርኩም ጭራሽ ስለጠፋ፣ የወሩ ዕቅድ ደግሞ በአንዴ ስለተላከ፣ ከዚህ የሰረዝነው እዚያ አይደርስም። ግድግዳው ላይ ያለው እንዳለ ነው።

በሌላ ሰው እጅ ለመጋዘኑ ኃላፊ የላክሁት ደብዳቤ ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶ ተመልሷል። ወለላ ግን በዞረ መንገድም ቢሆን እደርሳለሁ ብላለች። ስለዚህ ይህንኑ ወረቀት ለኃላፊው ያሳዩልኝ። የሚነዳው አንተነህም ሆነ ሌላ ሰው፣ መኪናው በዚያ መንገድ እንዳይወጣ። ዕቅዱን ከግድግዳው ይቅደዱት።

ሲጽፉልኝ ሰላምታ አይጻፉልኝ። ደህና ነን አይበሉኝ። ያማርሩልኝ።

ምሥራቅ

&nbsp;

ሮብ ገበያ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሥራቅ፤

አንተነህ ይዘልፈኛል። ያቀረብሁለትን አይበላም፣ ካልቀረበለት ደግሞ ይቆጣል። ጫማውን በጭቃ እንዳለ መደቡ ላይ ያወጣል። እንዲህ ጻፉልኝ ስላልሽ ነው የጻፍሁት፤ ውሸትም የለበት።

ደብዳቤሽ በገብርኤል ዋዜማ ደረሰኝ። ቅቤ ጠጥቷል። ወለላ እግሯ አብጦ በሰው ተደግፋ ነው የገባች፤ "ልጅሽ እንዲህ ስትጣደፍ አይቻት አላውቅም፣ ክፈችው" አለችኝ። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። አንተነህን ያዙልኝ የሚለው ላይ ደረስሁ። ከገብርኤል ማግስት የሚለውን አነበብሁ። በምንም ብለው በምን የሚለውን አነበብሁ። ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትሁና ተነሣሁ።

እንዴት ላስቀረው? ና ብዬ ብልክበት ሥራ አለኝ ይላል። አመመኝ ብልክበት ኪኒን ይልክልኛል። ወደ ማርቆስ የሚወርድ ሰው ፈልጌ፣ "እናትህ ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም፣ ብቻ አሁኑኑ ድረስ በለው" ብዬ ላክሁበት።

በገብርኤል ዕለት ከሰዓት በኋላ መጣ። ዳገቱን ግማሹን በእግሩ ነው የወጣ። ከሩቅ ነው ለቅሶው የተሰማኝ። እኔ ባቄላ እለቅማለሁ። ሲያየኝ እንደ ግንድ ቆመ።

"ሞተች አሉኝ" አለ።

"ማን አለህ?"

"ደህና ናት አሉኝ።"

ከዚያ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ሣቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብልሃተኛ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንሁ፤ ላንቺም እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ እያሰብሁ ነበር። ደብዳቤሽን አውጥቼ "ይኸው፣ እኅትህ ናት" አልሁት።

እሱ እንደኔ አይደለም፤ ቶሎ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

"ከታች ያለውን አንብበሽዋል?" አለኝ።

"የቱን ከታች?"

"መኪናው አይውጣ የሚለውን።"

አላነበብሁትም። ወንድሜን ያዙልኝ የሚለውን ከላይ ጻፍሽው፤ መኪናው እንዳይወጣ የሚለውን ከታች ጻፍሽው። እኔም ልጄን ሳገኝ ወረቀቱን አጠፍሁ። አንቺ ብትሆኚም እኔ ብሆንም ያው ነው ያደረግነው።

"ቁልፉን ለማን ሰጠህ?" አልሁት።

ደብዳቤውን ይዞ ብድግ አለ። ማን ይወስደዋል? ተለዋጩ ነዋ። እናቱ ሞታለች ብሎ ሲያለቅስ ፈቃዱ ነው አሉ አቅፎ ያጽናናው። "አንተ ሂድ፣ እኔ እሄድልሃለሁ" ያለው እሱ ነው።

አንተነህ በዚያው በእግሩ ተመለሰ፤ ዳገቱን የሚወርድ መኪና አልነበረም። ማርቆስ ሲደርስ መኪናው ጎሕ ሳይቀድ ወጥቷል። ዕቅዱ ላይ እንዲያ ነበር የተጻፈው፤ መድኃኒቱ ፀሐይ ሳይነካው እንዲደርስ። ከግድግዳው ቀደደው አሉ። ምን ያደርጋል?

መኪናው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያም ደረሰ የሚል የለም። አንተነህ ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ ነው፤ በየቀኑ እዚሁ መናኸሪያ ይቆማል፤ እንደ ድሮው ከዚያ መንገድ የመጣ ሰው ፊት ያያል። ምን እንዳየ አይነግረኝም። ጠየቅኻቸው ወይ ስለው፣ "ደህና ነው አሉኝ" ይልና ግድግዳውን ያያል። ከትናንት ወዲያ አንድ ሽማግሌ ከአውቶቡስ ወርደው ገና ሳይጠየቁ "ደህና ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው" አሉት። ያን ዕለት እህል ሳይቀምስ አደረ።

እፈራለሁ ምሥራቅ። ልጄ ከፊቴ ተቀምጦ እፈራለሁ። ደጅ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ወደ ሃኒ ቤት የሚወጡ ይመስለኛል። እስካሁን አልወጡም። አስከሬን ሳይገኝ መርዶ አይነገርም። ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ሲያያት ፈገግ ይላል፤ ውኃ ይቀዱላታል፤ ተጣልታት የነበረችው ሳይቀር ቆሎ ላከችላት። እኔ ብቻ ቤቷ አልሄድሁም። እግሬ እንቢ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት እሷ መጣች። ቁጭ በይ አልኋት፤ አልተቀመጠችም። አንተነህ ቤት አልነበረም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "እማማ፣ አንተነህ መናኸሪያ ይውል የለ፤ ከዚያ መንገድ የመጣ ሰው አላገኘም?" አለችኝ።

ስንት ነገር ልነግራት አስቤ ነበር። ደብዳቤሽን፣ አጥፌ መነሣቴን፣ በሞቴ ቀልጄ ልጄን መጥራቴን። ፊቷን ሳየው አፌ ያደገበትን ተናገረ።

"ደህና ነው ሃኒዬ" አልኋት። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው አሉት።"

ጥቂት አየችኝ። ከደጄ ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።